ድልድይ የሚሞተው ከእግሩ ነው

ክረምት በገባ ቁጥር ከዜና ማሰራጫዎቻችን የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት ድልድዩ ተሰብሯል።» እባካችሁ ደግማችሁ አንብቧት። ሰባሪው ዝናቡ ነው። ድልድዩን ያቀደው፣ የገነባው፣ የተረከበው፣ እንዲመረምረው በየወሩ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው በዓረፍተ ነገሯ ውስጥ ቦታ የለውም። ዝናብ ደግሞ አይከሰስም፤ ከሥልጣን አይወርድም፤ ግምገማም አይቀመጥም። ከእርሱ የተሻለ ጥፋተኛ ከየት ይገኛል?

ይህን የምጽፈው ያቺን ዓረፍተ ነገር ለመሞገት ነው። አነሳሴም ባለፈው በጋ ለገጣፎ ውስጥ ያየሁት አንድ ድልድይ ነው። የትኛው እንደ ሆነ አልጠቅስም፤ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ድልድይ አይደለም፤ ደግሞም አንዱን ስጠቅስ እርሱን ብቻ ቀለም ቀብተው ሌላውን እንደሚተዉት ከልምድ አውቃለሁ። ከላይ ሲያዩት ያማረ ነው። መከላከያ ብረቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ የእግረኛ መሄጃው ተጠርጓል። ከሥር ወረድሁ። ከመሬት በታች ለዘላለም ተቀብሮ ይኖራል ተብሎ የተሠራው መሠረት ራቁቱን ቆሟል። ለዐይን ያልተሠራ፣ ያልተለሰነ፣ ሸካራ ኮንክሪት ፀሐይ ይሞቃል። በአንደኛው ምሰሶ ሥር ከወንዙ መውረጃ ትይዩ ጎድጓዳ ኩሬ ተፈጥሮ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተንሳፎበታል። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ሦስት ወጣቶች በአካፋ አሸዋ እየዛቁ በአህያ ይጭናሉ። ወጣቶቹን አልወቅስም፤ እንጀራቸው ነው። የምወቅሰው ከላይ ሆኖ ቀለም የቀባውን ነው።

ለገጣፎ የሚለው ስም ራሱ ሊያስተምረን ይገባ ነበር። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ለገጣፎ፣ ለገዳዲ፤ አገሩ ስሙን ያገኘው ከውኃው ነው። (ለገሃርን ግን እዚህ ውስጥ እንዳትጨምሩት፤ እርሱ ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ የመጣ እንጂ ወንዝ የለበትም።) በወንዝ ስም የሚጠራ ከተማ ወንዙን ከሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል ብዬ አስብ ነበር።

እንግዲህ ከድልድዩ ሥር ምን ይሆናል? መሐንዲሶች «ስካወር» ይሉታል፤ እኔ የመሠረት ቡርቦራ ልበለው። የሚሮጥ ውኃ ምሰሶ ሲያጋጥመው በሁለት ጎን ተከፍሎ ብቻ አያልፍም። ከፊሉ ምሰሶውን ይዞ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ወለሉን ይመታል፤ ከዚያም በምሰሶው እግር ዙሪያ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይዞ ይሽከረከራል። ይህ ሽክርክሪት አፈሩንና ጠጠሩን እያነሣ ይወስዳል። ጥልቀቱም የዋዛ አይደለም። ብዙ ጊዜ በተግባር የሚሠራበት የላይኛ ግምት ከምሰሶው ስፋት 2.4 እጥፍ ድረስ ይሄዳል፤ 1 ሜትር ስፋት ያለው ምሰሶ በእግሩ ዙሪያ ብቻ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ይችላል ማለት ነው። ጎርፉ ግንድ፣ ቁጥቋጦና የፌስታል ክምር አምጥቶ በምሰሶው ላይ ከጎዘጎዘበት ደግሞ ምሰሶው ለውኃው የወፈረ ያህል ነው፤ ጉድጓዱም በዚያው ልክ ይሰፋል። በየቱቦው የምንጥለው ፌስታል መንገድ ማቆሸሽ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ይወቅ።

ከዚህ ላይ ሁለት ሌሎች ዓይነቶች ይደመራሉ። አንደኛው ወንዙ በድልድዩ ሥር ሲጠብ የሚመጣው ነው። ሰፊ የነበረ ውኃ በጠባብ በር እንዲያልፍ ሲገደድ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ወለሉን በሙሉ ይጠርጋል። ሁለተኛው ድልድይ ቢኖርም ባይኖርም ወንዙ በረዥም ዘመን አልጋውን ዝቅ እያደረገ የሚሄድበት ነው። ሦስቱ ሲገናኙ መሠረቱ ከሚቆምበት አፈር በታች ይወርዳሉ፤ ያን ጊዜ ድልድዩ በራሱ ክብደት ያዘማል። ኮንክሪቱ ምንም አልሆነም፤ ብረቱም አልዛገም። የጎደለው የቆመበት መሬት ነው።

ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ጎርፉ ሲጎድል የተሸከመውን ደለል እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይጥለዋል። በጋ ላይ የመጣ መርማሪ የሚያየው የተደላደለ አሸዋ ነው፤ «መሠረቱ ደህና ነው» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። ያ አሸዋ ግን ትናንት የተራገፈ ልቅ አፈር እንጂ መሠረት ሲጣል የነበረው የታመቀ መሬት አይደለም፤ በሚቀጥለው ጎርፍ የመጀመሪያ ሰዓት ይነሣል። አበው ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ይህን ሳያዩ አይመስለኝም።

የአየርላንዱን የማላሃይድ የባቡር ድልድይ ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 2009 አንዱ ምሰሶ ተቦርቡሮ ወደቀ፤ ባቡር አልፎ እንዳበቃ ስለነበር ሰው አልሞተም። ድልድዩ ከመውደቁ 3 ቀን በፊት መሐንዲስ ሄዶ አይቶት ነበር። ለመሄዱ ምክንያት የሆነው በዚያ ባሕር ዳር ልጆችን መርከብ የሚያስተምር አንድ ዜጋ «ውኃው አካሄዱን ለውጧል፤ ጉዳት ይታየኛል» ብሎ ማመልከቱ ነው። ተመርማሪው ኮሚሽን በኋላ ያገኘው ነገር ከመውደቁ ይልቅ አስደነገጠኝ። የቀድሞ ሠራተኞች ድልድዩ የቆመበት የድንጋይ ክምር እየታጠበ እንደሚሄድ ያውቁ ነበርና ከዘመን ዘመን ድንጋይ ይጨምሩለት ነበር። ሠራተኞቹ ሲለቁ እውቀቱም አብሮ ለቀቀ። መሥሪያ ቤቱ ረሳ። እንግዲህ አየርላንድ ውስጥ ሰው ሲለቅ እውቀት ከጠፋ፣ በእኛ አገር በእያንዳንዱ የመዋቅር ለውጥ ወንበርና ማኅተም ብቻ በሚዛወርበት ዘንድ ምን ያህል ጠፍቶ ይሆን?

ስለ ለገጣፎ ልመለስ። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ሁሉ ይህን የመረጥሁት ቡርቦራን የሚያባብሱት ምክንያቶች ተሰብስበው ስለሚገኙበት ነው፤ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የመጀመሪያው ጣሪያ ነው። ከ20 እና ከ30 ዓመት በፊት እርሻና ግጦሽ የነበረው ሜዳ ዛሬ ቆርቆሮ፣ ኮብልስቶንና አስፋልት ለብሷል። የጎርፍ መጠን በሚሰላበት ቀላል ቀመር ውስጥ ከዘነበው ዝናብ ወደ ወንዝ የሚወርደው ድርሻ ለግጦሽ መሬት 0.3 ገደማ ሲያዝ ለጣሪያና ለአስፋልት ከ0.8 በላይ ይያዛል። ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ በእጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። (ለእውነት ያህል፣ የዚያ አገር ጥቁር አፈር ነሐሴ ላይ ጠግቦ ሲያብጥ እርሱም ውኃ አያሰርግም፤ ስለዚህ በክረምት አጋማሽ ልዩነቱ ይጠባል። ነገር ግን ከጣሪያና ከቦይ የሚወርደው ውኃ ከሣር ላይ ከሚወርደው እጅግ ቀድሞ ስለሚደርስ የጎርፉ ጫፍ ያው ይረዝማል።) ትናንት ለእረኛና ለከብት ወንዝ የተሠራ ድልድይ ዛሬ የከተማ ፍሳሽ ያስተላልፋል። ስሌቱን እንደገና የሠራለት ማን ነው?

ሁለተኛው ግድቡ ነው። የአዲስ አበባን ሕዝብ ውኃ የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከላይ ቆሞ ደለል ይይዛል። ደለሉን ጥሎ የሚለቀቅ ንጹሕ ውኃ በሙያው ሰዎች ዘንድ «የተራበ ውኃ» ይባላል፤ የጎደለውን ደለል ከታች ካለው የወንዝ አልጋ ያነሣልና። ይህ በግድቦች ሥር በዓለም ሁሉ የታወቀ ጠባይ ነው። ከለገዳዲ በታች የወንዙ አልጋ በግማሽ ምዕተ ዓመት ምን ያህል ዝቅ ብሏል የሚለው የቁጥር ጥያቄ ነው፤ ለክቶ ለሕዝብ መናገር የሚገባው አካልም ያው ግድቡን የሚያስተዳድረውና ድልድዩን የሚያስተዳድረው ናቸው።

ሦስተኛው አሸዋው ነው፤ ወንዙ ራሱ ከሚወስደው ላይ በአካፋ እንጨምርበታለን። አራተኛው ደግሞ «ልማት» ነው፤ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ወንዝ ዳርን በድንጋይና በጋቢዮን አጥሮ መናፈሻ ማድረግ ያማረ ነገር ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር አስውባለሁ ብላ 29 ቢሊዮን ብር የተገመተ ሥራ ስታስታውቅ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነበርሁ። ግን ግንቡ ወደ ወንዙ ገባ ባለ ቁጥር ወንዙ ይጠባል፤ የጠበበ ወንዝ ይፈጥናል፤ የፈጠነ ወንዝ ቀጥሎ በሚያገኘው ድልድይ ሥር ይቆፍራል። ከላይኛው ወረዳ ያጌጠው ወንዝ የታችኛውን ከተማ ድልድይ ሊጥል ይችላል። ሪባኑ የሚቆረጠው ግን ላይ ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው እንግባ። የለገጣፎ ውኃ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ የሱሉልታው ሜዳ ደግሞ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ውኃው የትኛው ክልል እንደ ገባ አይጠይቅም። እኛ ግን የምንጠይቀው እርሱን ብቻ ነው። ከሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ስንት ወጣት ደሙን ያፈሰሰበት ነገር እንደ ሆነ የማያስታውስ የለም፤ ጥር 2008 ዓ.ም. ላይ ዕቅዱ ተሰረዘ። ገበሬው መሬቱን ፈርቶ መነሣቱ እውነተኛ ምክንያት ነበረው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዕቅዱ ሲሰረዝ ወንዞቹ አብረው አልተሰረዙም። ከላይ ያለው ከተማ ጣሪያ ሲሠራ ከታች ያለው ድልድይ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ ይመጣበታል ብሎ የሚያሰላ የጋራ ጠረጴዛ ዛሬም ያስፈልጋል። ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚለው ስም ሲጠቃለሉ ከነዚህ ከተሞች በአንዱ የሚኖር ወዳጄ «አሁን ቢያንስ የምንጮህበት አንድ በር ተገኘ» ብሎኝ ነበር። በሩ ግን አንድ አይደለም። አውራ ጎዳናው የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው፤ የክልሉ መንገድ የክልሉ ነው፤ የውስጥ ለውስጡ የከተማው ነው፤ ግድቡ የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ነው፤ ወንዙ የሚኒስቴሩ ነው። የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል ይባላል፤ የእኛዎቹ በየወንዙ ይፈራረማሉ።

በዚያ የበጋ ቀን ያየሁትን ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። «ይህ የእኛ አይደለም» ተብዬ ወደ ሁለተኛ ተላክሁ። ሁለተኛው «መንገዱ የእኛ ነው፤ ወንዙ ግን አይመለከተንም» አለኝ። ሦስተኛው ደብዳቤ ጠየቀኝ፤ በማን ስም ብዬ ስጠይቅ «በመሥሪያ ቤትህ» አለኝ። ለዜጋ የተዘጋጀ ፎርም የለም ማለት ነው። የማላሃይዱን የልጆች አስተማሪ ያን ጊዜ አስታወስሁት። እርሱ በስልክ ተናግሮ መሐንዲስ መጣለት፤ መሐንዲሱም ሳያስተውል ቀረ፤ ግን መጣ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚያስቀይም መሆኑን እያወቅሁ። የካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ የብዙ ሺህ ሰዎች ቤት ሕገወጥ ነው፣ በፕላን ለአረንጓዴ የተተወ ቦታ ላይ ነው ተብሎ በዶዘር ሲፈርስ ለሕዝቡ የተነገረው ስለ ሕግና ስለ ፕላን ነበር። ፕላን ማለት መልካም ነው። ወንዝ ዳር መስፈርም አደጋ እንዳለው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ፣ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ250 ሰው በላይ ሲበላ አይተናል። እንግዲያው የድሀን ጎጆ ለማፍረስ የወንዙን ዳር በሜትር መለካት የቻለ አስተዳደር፣ የድልድዩን እግር በሜትር ለመለካት ምን ያግደዋል? ሜትሩ ያው ነው። ያልነበረው ፈቃድ ነው።

«ድሀ አገር ነን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ድሀ መሆናችንን አልካድሁም። ግን የቡርቦራን አደጋ ለመመዘን የሚያስፈልገው መነሻ ሥራ ገንዘብ የሚበላ አይደለም። በገመድ ጫፍ ክብደት አስሮ በጎርፍ ጊዜ ከድልድዩ ላይ ወደ ታች መጣል፣ የወለሉን ጥልቀት መጻፍ፣ ይህንኑ በየክረምቱ በተመሳሳይ ቦታ መድገም። ምሰሶው ላይ የሜትር ምልክት መቀባት፤ ለመከላከያ ብረት የተገዛው ቀለም ለዚህም ይበቃ ነበር። የድልድዩን የመጀመሪያ ንድፍ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ መሠረቱ ስንት ሜትር እንደ ወረደ፣ አለት ላይ ይሁን ሸክላ አፈር ላይ ማወቅ። አለት ላይ የቆመ ብዙ አያሳስበንም፤ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው አላታ ድልድይ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆመው እግሩ አለት ስለ ሆነ ጭምር ነው። ሸክላ አፈር ግን ያታልላል። እንደ አሸዋ በአንድ ጎርፍ አይነሣም፤ በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት ይሰጣል፤ በመጨረሻ ግን አሸዋው ከደረሰበት ጥልቀት ሊደርስ ይችላል።

መመሪያ የለንም ማለትም አይቻልም። የመንገዶች አስተዳደር የድልድይና የውኃ መውረጃ ንድፍ መመሪያዎች ስለ ቡርቦራ ስሌት ይናገራሉ። መመሪያው ግን ስለሚሠራው ድልድይ ነው፤ የእኔ ጥያቄ ስለ ተሠራው ነው። አንድ ሰው «ድልድዩ የ50 ዓመት ጎርፍ እንዲችል ታቅዷል» ሲላችሁ ለ50 ዓመት ዋስትና የተሰጣችሁ እንዳይመስላችሁ። የ50 ዓመት ጎርፍ ማለት በየትኛውም አንድ ዓመት የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው። በ50 ዓመት ዕድሜው ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ ሲሰላ 64 በመቶ ገደማ ይሆናል። የ100 ዓመቱ ጎርፍ እንኳ በ50 ዓመት ውስጥ 40 በመቶ ገደማ ዕድል አለው። ይህም የላይኛው አገር ግጦሽ ሆኖ ቢቀር ነው፤ ከተማ ሲሆን የትናንቱ የ50 ዓመት ጎርፍ የዛሬ የ10 ዓመት ጎርፍ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1987 በኒው ዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ወንዝ ድልድይ እግሩ ተቦርቡሮ ወድቆ 10 ሰው ገደለ። በመሠረቱ ዙሪያ የተደረደረው ድንጋይ በአዲስ እንዲተካ ከ10 ዓመት ቀደም ብሎ ምክር ቀርቦ ነበር፤ ከጥገናው ሥራ ላይ ተሰርዟል። ከዚያ በኋላ በውኃ ላይ ያለ ድልድያቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ለቡርቦራ ተጋላጭነቱ እንዲመዘን አደረጉ፤ ከ20 ሺህ የሚበልጡትን «አሳሳቢ» ብለው መዘገቡ። ዝርዝሩ ሕዝብ የሚያየው ነው። ማንም መንግሥት በዚህ ዝርዝር አልወደቀም።

ፖርቱጋልም አለች። (እኛ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ድልድይ «የፖርቱጋል ድልድይ» እያልን እንጠራዋለን፤ የተሠራው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ነው፤ ፖርቱጋሎች የሉበትም።) እውነተኛው የፖርቱጋል ድልድይ በዶውሮ ወንዝ ላይ የነበረው የሂንትዘ ሪቤይሮ ድልድይ ነው። ለዓመታት ከወንዙ አሸዋ ሲዛቅ ኖሮ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2001 ማታ ምሰሶው ከዳ፤ አንድ አውቶቡስና ሦስት መኪናዎች ገቡ፤ 59 ሰዎች ሞቱ። የመሠረተ ልማት ሚኒስትሩ ወዲያው ሥልጣኑን ለቀቀ። በኋላ የተከሰሱት መሐንዲሶች በፍርድ ቤት ነፃ ወጥተዋል፤ እርሱም ድልድዩን በገዛ እጁ አልቦረቦረውም። ግን ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እንዲኖረው አደረገ። በእኛ አገር በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የተከዜ ድልድይ በጦርነት ሲፈርስ የማን እጅ እንደ ነበረበት ለማወቅ ሁሉም ተከራክሯል፤ ተገቢም ነበር። በውኃ ለሚወድቀው ድልድይ ስለ ምን አንከራከርም?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ያህል ነው። በለገጣፎና በዙሪያ ከተሞቹ ያሉ ድልድዮች ሁሉ እያንዳንዳቸው የማን እንደ ሆኑ በአንድ ሰሌዳ ይጻፍ። የመሠረታቸው ጥልቀትና የቆሙበት አፈር ይነገር። ያልታወቀው «ያልታወቀ» ተብሎ ይመዝገብ፤ ያልታወቀ መሠረት ደህና ነው ተብሎ ሳይሆን አሳሳቢ ነው ተብሎ ይያዝ። ከድልድይ ላይና ታች አሸዋ መዛቅ የተከለከለበት ርቀት ተለክቶ ይተከል፤ ለዛቂዎቹም ሌላ ቦታ ይሰጣቸው። በጎርፍ ሌሊት ውኃው ከምልክቱ ካለፈ ድልድዩን የሚዘጋ፣ የሚዘጋበትም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በስሙ ይታወቅ። መዝጋት ሰንሰለትና አንድ ተረኛ ነው የሚፈልገው።

እኔ ደግሞ የበኩሌን ጀምሬያለሁ። በዚያ በማልጠቅሰው ድልድይ ከመሠረቱ የላይኛ ጠርዝ እስከ ወንዙ ወለል በሜትር ለካሁ፤ ከውኃው መውረጃ ትይዩ ባለው ምሰሶ 70 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 45 ሆነ። ቦታውን በሚስማር ጭሬ ምልክት አድርጌበታለሁ። ከመስቀል በኋላ፣ ውኃው ሲጎድል፣ በረዥም ብረት ልቅ ደለሉን እየወጋሁ እንደገና እለካዋለሁ፤ ቁጥሩንም እዚሁ አወጣዋለሁ። ከእናንተ መካከል በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚኖር ሜትር ያለው ሰው ቢኖር የራሱን ይላክልኝ፤ የድልድዩን ስም ሳይሆን ቀኑንና ልኩን።